የደም ፕሮቲንና የጡት ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ውጤት በመስኮት ስሰጥ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው ወረቀቱን እንደተቀበለ ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ቀስቷ ነው፤ ወደ ታች ወደምትጠቁመዋ። አንድ ቀን የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ አንዲት እናት አልቡሚን 3.1 የሚል ወረቀት ተቀበሉኝ። አራት ቦታ አጠፉት፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱና መልሰው ፈቱት። "ልጄ፣ እዚህ ላይ ስንት ዓመት ቀረሽ ይላል?" አሉኝ።

አይልም። ያንን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሕክምናዎን የሚወስነው የሚከታተልዎ ሐኪም ነው።

"የደም ፕሮቲን" ሲባል የትኛው ነው?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች አሉ።

ደም ተቀድቶ ቲዩብ ውስጥ ከረጋ በኋላ ሴንትሪፉጅ ላይ እናሽከረክረዋለን። ሲወጣ ቀዩ ከታች ይቀመጣል፣ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይቀራል። ሴረም የምንለው እሱን ነው። የጤነኛ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ6 እስከ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ወረቀቱ ላይ "ቶታል ፕሮቲን" የሚለው ይሄ ነው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልቡሚን ነው፤ የቀረው ግሎቡሊን ይባላል።

ሲአርፒም ፕሮቲን ነው፤ ግን በሚሊ ግራም የሚለካ ትንሽዬ መጠን ነው፣ ሰውነት ሲቆጣ ይጨምራል። ሲኤ 15-3 ደግሞ ጡት ሕዋሳት ላይ ካለ ፕሮቲን ተቆርሶ ደም ውስጥ የሚገባ ነው። ሄር2 የሚባለውን፣ የዕጢ ሕዋሳት ላይ የሚገኝ ፕሮቲን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ከደም ሳይሆን ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነው፤ እሱ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስላለ ስለ ደም ማነስ ነው የሚነግረን።

ሐኪም "ፕሮቲንሽ ዝቅ ብሏል" ካለዎት ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አልቡሚን ነው። ግን "የትኛው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አልቡሚን ምን ይሠራል?

ጉበት በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም ገደማ ያመርተዋል። አንዴ ከተመረተ ሳምንታት ይቆያል፤ ከተሠራው ግማሹ ለማለቅ 3 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ትልቁ ሥራው ውኃ ከደም ሥር እንዳይወጣ መያዝ ነው። ሆርሞን፣ ካልሲየም፣ መድኃኒትም ተሸክሞ ያመላልሳል። ይህንን የመሸከም ባሕርዩን የመድኃኒት ሰዎች ተጠቅመውበታል። ፓክሊታክሰል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ከአልቡሚን ጋር አጣብቀው ሠሩት፤ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

አልቡሚናቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ውጤታቸው ይከፋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን እንዴት እውነት እንደሆነ ካልተነገረ ሰውን ያስደነግጣል። ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

አልቡሚንን የካንሰር ሕመምተኞች ከሚኖሩት ዕድሜ ጋር ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች አሉ። በ2010 ወደ 60 የሚጠጉትን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ያገኙት ተመሳሳይ ነው፦ ሕክምና ሲጀምሩ አልቡሚናቸው ደህና የነበረ ሰዎች በአማካይ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ከጡት ይልቅ በጨጓራና አንጀት ካንሰር ላይ የተሠራው ይበዛል።

ለምን ይሆናል? ካንሰሩ ሰፋ ሲል ወይም ሰውነት በሌላ ምክንያት ሲቆጣ፣ ጉበት ሥራውን ይቀይራል። ለጦርነት እንደተጠራ ገበሬ ነው፤ ሞፈሩን ጥሎ ጋሻ ያነሣል። አልቡሚን ማምረቱን ቀነስ አድርጎ ሲአርፒና መሰሎቹን ያመርታል። የደም ሥሮችም ስለሚላሉ ያለው አልቡሚን ወደ ውጭ ይሰርጋል። የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ዝቅ ያለው አልቡሚን ሕመሙን አላመጣውም። ሰውነት ውስጥ የሆነ ነገር እየሆነ እንደሆነ ነው የሚነግረን። ከጎጆ ጣሪያ ላይ ጭስ ሲወጣ ውስጥ እሳት እንዳለ ይታወቃል። ጭሱን ብናራግበው ግን እሳቱ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር፣ "በአማካይ" የሚለው ቃል ነው። ጥናት የሚናገረው ስለ መቶዎችና ሺዎች ነው። እዚያ ውስጥ አልቡሚናቸው ዝቅ ብሎ ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ፤ 4.5 ሆኖ ያልቆዩም አሉ። አንዲት ሴት አንድ ቀን ከተቀዳ ደሟ ላይ ዕድሜዋን ማንበብ የሚችል ማሽን የለም። እኛ ጋም የለም፣ ሌላ አገርም የለም።

የእኔ 3.3 ነው። ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት ነው?

አይደለም። የተለመደው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ግራም በዴሲሊትር (በ100 ሚሊ ሊትር) ነው። ከዚያ ዝቅ የሚልበት ምክንያት ግን ብዙ ነው። ባለፉት ሳምንታት ኢንፌክሽን ነበረዎት? ከኬሞ በኋላ ማስመለስና ተቅማጥ በርትቶ ምግብ አልዋጥ ብሎ ነበር? በቅርቡ ኦፕራሲዮን ሆነዋል? የጉበት በሽታ፣ የኩላሊት በሽታ አለብዎት? ኩላሊት ፕሮቲን የሚያፈስ ከሆነ ቀላል የሽንት ምርመራ ያሳየዋል። እርግዝናም ዝቅ ያደርገዋል።

ደሙ የተቀዳበት ሁኔታም ልዩነት ያመጣል፤ ይሄ የኛ የላብራቶሪዎች ጉዳይ ስለሆነ አጥብቄ ነው የምናገረው። አልጋ ላይ ተጋድሞ የቆየ ሰው አልቡሚኑ ቆሞ ሲሄድ ከነበረው ሰው ዝቅ ይላል። ልዩነቱ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ረጅም ጊዜ ከቆየ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ደም ከተቀዳ ውጤቱ ውኃ የበዛበት ወጥ ይሆናል። ከ3.6 ወደ 3.4 ወረደ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማልቀስ ለዚህ ነው የማያስፈልገው። ሐኪሞች የሚመለከቱት በተከታታይ ጊዜ የተለኩትን ቁጥሮች አካሄድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካልሲየምዎም ዝቅ ብሎ ከታየ አይደንግጡ። ካልሲየም ግማሽ ያህሉ አልቡሚን ላይ ተጣብቆ ስለሚሄድ አልቡሚን ሲወርድ እሱም በወረቀት ላይ ይወርዳል። ሐኪሙ አስተካክሎ ያሰላዋል።

አዲስ አበባ እያለሁ 4.1 ነበር። እዚህ ስዊድን 41 አሉኝ። አሥር እጥፍ ጨመረ?

አልጨመረም፣ ያው ነው። አንዱ በዴሲሊትር፣ ሌላው በሊትር የተለካ ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ይመልከቱ።

ሲአርፒ ስለ ጡት ካንሰር ምን ይናገራል?

ሲአርፒ በ1930 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ላይ ነው የታወቀው። ካንሰርን ለይቶ አያውቅም። ጥርስ ቢታመም፣ ጉንፋን ቢይዝ፣ መገጣጠሚያ ቢቆጣ ይጨምራል። ውፍረትም ከፍ ያደርገዋል።

እንዲያም ሆኖ ኮፐንሃገን ውስጥ 2,910 የጡት ካንሰር የተገኘባቸውን ሴቶች የተከታተለና በ2011 የታተመ ጥናት፣ ሲታወቅባቸው ሲአርፒያቸው ከፍ ብሎ የነበረ ሴቶች የመኖር ዕድላቸው ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ በ734 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2009 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ሲአርፒን የለካው ካንሰሩ ከታወቀ 2 ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ያገኘውም ተመሳሳይ ነው። የስኮትላንድ ሐኪሞች ሲአርፒንና አልቡሚንን አንድ ላይ አድርገው ከ0 እስከ 2 ነጥብ የሚሰጥ የግላስጎው ውጤት የሚባል አሠራር አላቸው። ሲአርፒ ከ10 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ፣ አልቡሚን ከ35 ግራም በሊትር በታች ሲሆን ሁለቱንም ነጥብ ያስቆጥራል። በመጀመሪያ የተሠራው ለሳንባ ካንሰር ነው።

ይህ ሁሉ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። ለእርስዎ ግን "ሲአርፒዬ 14 ነውና ምን ልሁን?" ለሚለው የመጀመሪያው መልስ "ጉንፋን ይዞዎት ነበር?" የሚለው ነው።

ጓደኛዬ በየሦስት ወሩ ሲኤ 15-3 ትሠራለች። የኔ ሐኪም ግን አያዝልኝም። ችላ ብሎኝ ነው?

ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰው ከኪሱ ብዙ ብር አውጥቶ በራሱ ጊዜ ሲያሠራው አያለሁ።

ሕክምናቸውን ጨርሰው ምንም ምልክት የሌለባቸው ሴቶች ይህን ምርመራ በየጊዜው እንዲሠሩ የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር አይመክርም። ሲኢኤ የሚባለው ሌላ የደም ምርመራም እንደዚያው። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም። ቁጥሩ ካንሰር ሳይመለስ ከፍ ሊል ይችላል፤ የጉበት ችግርና ካንሰር ያልሆነ የጡት ሕመም ያስጨምሩታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲኢኤው ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ካንሰሩ ተመልሶም ቁጥሩ ዝም ሊል ይችላል። "ኖርማል ነው" ብላ የተዝናናች ሴት የሚያማትን አጥንት ችላ ካለች አደጋው እዚያ ላይ ነው።

"ቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል" የሚለው ክርክር ይገባኛል። ጣልያን ውስጥ ይህንኑ ፈትነውታል። በ1994 የታተመ ጥናት 1,320 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በየጊዜው የአጥንት ምስል፣ የጉበት አልትራሳውንድ፣ የደረት ራጅና የደም ምርመራ ተደረገላቸው። ሌሎቹ በሐኪም እየታዩ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ብቻ ተነሡ። በመጨረሻ ሁለቱ በኖሩት ዕድሜ ላይ ልዩነት አልታየም። ያኔ ሲኤ 15-3 አልተካተተም፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል።

ምርመራው የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሄዶ ሕክምና ላይ ላለች ሴት፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ከምስልና ከምርመራ ጋር አብሮ ለማየት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ጓደኛዎ በዚያ ሁኔታ ላይ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከእሷ ጋር አይወዳደሩ።

ታዲያ ስለ ረጅም ጊዜው ከሁሉ በላይ የሚነግረን ምንድን ነው?

ካንሰሩ ሲገኝ የነበረበት ደረጃ። ብብት ስር ያሉት ንፍፊቶች ተነክተው እንደሆነና ስንቶቹ። የዕጢው መጠንና ሕዋሶቹ ምን ያህል እንደተለወጡ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ፕሮቲኖች፤ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ (ሁለቱም የሴት ሆርሞን የሚቀበሉ ናቸው) እና ሄር2። እነዚህ ደም ላይ ሳይሆን ፓቶሎጂ በሚላከው ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው የሚታዩት።

ስለ ፕሮቲንና ስለ ዕድሜ ካወራን እውነተኛው ታሪክ እዚህ ነው። በ1987 ዴኒስ ስላሞን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የሄር2 ጂን የተባዛባቸው ዕጢዎች ቶሎ እንደሚመለሱ አሳዩ። በዚያ ዘመን ለሴትየዋ ክፉ ዜና ነበር። በ1998 ግን ያንኑ ፕሮቲን የሚይዝ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ጸደቀ፤ ክፉ ዜና የነበረው ሄር2 የሚታከም ሆነ። ከአልቡሚን ጋር ያለው ልዩነት ይታይዎታል? ሄር2 ላይ መድኃኒት ያነጣጠረው ሄር2 በሽታውን ራሱን ስለሚገፋው ነው።

የኤስትሮጅን ተቀባይም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ያለባት ሴት ይህንኑ ተቀባይ የሚዘጋውን ታሞክሲፈንን ለ5 ዓመት ብትወስድ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ክኒኑ ካለቀ በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። በቀን አንዴ የምትዋጥ ክኒን ናት። "አሁን ተሽሎኛል" ብለው በሁለተኛው ዓመት የሚያቆሙትን ሳይ ልቤ ይሰበራል። ስለ አልቡሚን ግማሽ ቀን የሚጨነቅ ሰው ስለዚህች ክኒን ቢጨነቅ በወደድኩ። ሙቀት ሙቀት ካለዎት፣ እንቅልፍ ካሳጣዎት፣ ወይም ፋርማሲው "አልቋል" ካለዎት፣ ከማቆምዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

የፓቶሎጂ ወረቀትዎ ላይ እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ይጠይቁ። ካልተሠሩም ይሠሩ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሥጋና እንቁላል ብበላ አልቡሚኔ ይጨምራል?

ምግብ ባለመብላት ምክንያት ብቻ ከወረደ ቀስ ብሎ ሊረዳ ይችላል። የወረደው ሰውነት ስለተቆጣ ከሆነ፣ መቆጣቱ እስኪበርድ ድረስ በሬ ቢታረድም ቁጥሩ ብዙ አይነሣም። እንዲያም ሆኖ መብላት አለብዎት። ምግቡ ለወረቀቱ ሳይሆን ለጡንቻዎ ነው።

ለካንሰር ሕመምተኞች የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ከሆኑ ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8። ኩላሊትዎ የታመመ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ፕሮቲን ካንሰሩን "ይመግበዋል" ብለው የሚፈሩ አሉ። የአሜሪካ ነርሶችን በሚከታተለው ትልቅ ጥናት ውስጥ በ6,348 የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ የተሠራውና በ2017 የታተመው ሥራ እንዲህ ያለ ጉዳት አላገኘም። እንዲያውም ብዙ ፕሮቲን የሚበሉት ላይ ካንሰሩ የመመለሱ ነገር በመጠኑ ያነሰ ነበር።

ስለ ጾም ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ያስተምራሉ። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። "አይሆንልኝም፣ ሕሊናዬ አይፈቅድም" ካሉ ደግሞ የጾም ምግባችን ባዶ አይደለም። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ችግሩ ያለው ሽሮው ቀጥኖ በእንጀራ ብቻ ሲበላ ነው። ወፈር ይበል፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ ይታከልበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ግን በኬሞ ሳምንት አይመከርም።

ደግሞ "ደም ይሆናታል" ብላችሁ ጥሬ ሥጋ ወይም ያልፈላ ወተት አትስጡ። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ ተራ የሚመስል ጀርም ሆስፒታል ያስተኛል። ክትፎው ይብሰል።

ግሉኮስ ቢሰካልኝ ወይም አልቡሚን ቢሰጠኝስ?

5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር ግሉኮስ ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ። ፕሮቲን የለበትም። ውኃው ደሙን ስለሚያቀጥነው አልቡሚኑን በወረቀት ላይ ጭራሽ ዝቅ ያደርገዋል።

በጠርሙስ የሚመጣ አልቡሚን አለ፤ ከሰው ፕላዝማ የሚዘጋጅ፣ ውድ ነገር ነው። ለተወሰኑ የጉበት ሕመሞች ሐኪሞች ያዙታል። ለካንሰር ምግብ ወይም ዕድሜ ማራዘሚያ ተብሎ ግን አይሰጥም። ቤተሰብ ተሯሩጦ፣ ተበድሮ ሲገዛ አይቻለሁና ነው ይህን የምለው።

እጄ አብጧል። ፕሮቲን ስለወረደ ነው?

አንድ እጅ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ኦፕራሲዮን በተደረገበት ጎን ከሆነ፣ አይመስለኝም። ከብብት ንፍፊት ሲወጣ ወይም ጨረር ሲሰጥ ፈሳሹ የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል፤ ሊምፍ እብጠት ይባላል። ቀለበት ሲጠብ፣ የሹራብ እጅጌ ሲይዝ ነው ቀድሞ የሚታወቀው። ቶሎ ከታየ በልዩ ፋሻና በፊዚዮቴራፒ ይያዛል።

አልቡሚን በጣም ሲወርድ የሚያብጡት ሁለቱም እግሮች ናቸው። ቁርጭምጭሚት ላይ በአውራ ጣት ጫን ብለው ሲለቁት ጉድጓዱ ይቆያል። ልብና ኩላሊትም እንዲህ ያደርጋሉ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ይሂዱ።

አሜሪካ ነው ያለሁት። ሐኪሜ ሳይደውልልኝ ውጤቱ ስልኬ ላይ ይመጣል። ልክፈተው?

ከ2021 ጀምሮ ውጤት ሳይዘገይ ለሕመምተኛው እንዲደርስ ሕጉ ያዛል፤ ለዚህ ነው ከሐኪሙ የሚቀድመው። መክፈቱ የእርስዎ ምርጫ ነው። ዓርብ ማታ ብቻዎን ሆነው ባይከፍቱት ግን ደስ ይለኛል፤ እስከ ሰኞ የሚያስረዳዎት ሰው አያገኙም።

እናቴ እንዳትደነግጥ ውጤቷን ብደብቃትስ?

ይሄን የሚጠይቁኝ ልጆች በፍቅር ነው የሚጠይቁኝ። ግን እናት ታውቃለች። እናንተ ኮሪደር ላይ ስትንሾካሾኩ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ታያለች፤ ከእውነቱ የከፋ ነገር በልቧ ትሥላለች። "ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ራሷን ጠይቋት። "ለልጄ ንገሩት" ካለች ያ የሷ ውሳኔ ነው።

የድሮ ወረቀቶቼን ላስቀምጥ?

አዎ፣ ሁሉንም። የፕላስቲክ ፋይል ገዝተው በቀን ቅደም ተከተል ያስገቡ። የፓቶሎጂው ወረቀት ከፊት ይሁን። በተቻለ መጠን ደምዎን አንድ ላብራቶሪ ያሠሩ፤ ማሽን ከማሽን ይለያያልና ቁጥሮቹን ማወዳደር ይቀላል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ያን ሰሞን የነበረውን በእስክሪብቶ ይጻፉ፦ "ሦስተኛው ኬሞ ካለቀ 5ኛ ቀን፣ ትኩሳት ነበረኝ" ተብሎ። መግቢያው ላይ የነገርኳችሁ እናት አሁን እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከ3.1ዱ ጀርባ ላይ ልጃቸው "ተቅማጥ፣ አንድ ሳምንት" ብሎ ጽፎበታል።